ቤት የሌለውን ባለቤት ስለ ማድረግ

በአማርኛችን የማንኛውም ነገር ጌታ «ባለቤት» ይባላል። የበሬው ባለቤት፥ የመጽሐፉ ባለቤት፥ የጉዳዩ ባለቤት እንላለን። በሬም መጽሐፍም ቤት አይደሉም፤ ዳሩ ግን አባቶቻችን ለሀብት ሁሉ ጌትነት ስም በፈለጉ ጊዜ ከቤት ወሰዱት። በሰዋስው ትምህርትም እንደዚሁ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ባለቤት፥ ሥራው የሚሠራበት ተሳቢ ይባላል። በዚህ ምሳሌ ብንናገር፥ ቤት የሌለው ሰው ከባለቤትነት ወጥቶ ተሳቢ ሆኖ የሚኖር ነው። ሌላው ያስገባዋል፥ ሌላው ያስወጣዋል፥ ሌላው ኪራይ ይጨምርበታል፤ እርሱ ግን በራሱ ኑሮ ላይ የሚያዝበት ግሥ የለውም።

በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው ይህን ተሳቢ የሆነውን ሰው ባለቤት ለማድረግ የሚደክሙትን፥ ትርፍ የማይሹትን ማኅበራት ሥራ ነው። ነገሩ ስለ ምጽዋት ዘወትር ከሚነገረው ጥቂት ይለያል። አንባብያንን በመጀመሪያ ወደ ሩቅ አገር፥ በአሜሪካ ጆርጂያ ወደሚባለው ግዛት እንወስዳቸዋለን፤ ምክንያቱም ዛሬ በብዙ አገር፥ በእኛም አገር ጭምር፥ የታወቀው አንድ ሥርዐት የተጀመረው በዚያ ስለ ሆነ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ራሳችን ሰበካ እንመለሳለን። የውጭውን አገር ታሪክ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጠ ነዳይ የምንሰጠው ገንዘብ እስከ ማታ ያገለግላል፤ በማግሥቱ ነዳዩ በዚያው ደጅ ይገኛል። ይህን ስንል ምጽዋትን ማቃለላችን አይደለም፤ የተራበ ሰው ቤት እስኪሠራለት ድረስ ሳይበላ አይቈይምና። ነገር ግን ከነዳዩ ጋር ጥቂት ጊዜ ተቀምጦ ታሪኩን የጠየቀ ሰው እንደሚያውቀው፥ ብዙዎቹ ወደ ደጀ ሰላም የመጡት ከቤት ከወጡ በኋላ ነው። ኪራይ አቅቶአቸው ወጡ፤ ቤቱ ፈርሶባቸው ወጡ፤ ባል ሞቶ ዘመድ ቤቱን ወስዶባቸው ወጡ። ቤት ሳለ የታመመ ሰው ይተኛል፥ ልጅ ፊደል ይቈጥራል፥ እንጀራ ይጋገራል፥ ሽሮ ለገበያ ይሰናዳል። ቤት ሲጠፋ እነዚህ ሁሉ አብረው ይጠፋሉ።

ታዲያ ለድኻ ቤት መስጠት መልካም ከሆነ ለምን እንዲሁ አይሰጥም? ይህን ጥያቄ ቀላል አድርጎ የሚመለከት ሰው አለ። ባለጸጋው ቤት ሠርቶ ቍልፉን በአደባባይ ያስረክባል፥ ድኻውም እጅ ነሥቶ ይቀበላል፥ ሥዕሉም ይነሣል። ይህ መልካም ሥራ መሆኑን አንክድም፤ ሆኖም ሁለት ጕድለት አለበት። አንደኛው፥ ገንዘቡ በአንድ ቤት ያልቃል፤ ሁለተኛ ቤት ለመሥራት ሁለተኛ ባለጸጋ መፈለግ ያሻል። ሁለተኛውና የሚብሰው፥ ተቀባዩ ቤት ቢያገኝም ተሳቢነቱ አልቀረለትም፤ በየጊዜው የሰጪውን ፊት ያያል። እንግዲህ የምንመረምረው ነገር ይህ ነው፤ የድኻውን ክብር ሳይነኩ ድኻውን ባለቤት ማድረግ በምን መንገድ ይቻላል?

ወደ ጆርጂያው ታሪክ እንግባ። ክላረንስ ጆርዳን የሚባል ሰው ነበረ። በመጀመሪያ የእርሻ ትምህርት ተማረ፤ ቀጥሎም የአዲስ ኪዳንን ጽርእ ቋንቋ አጥንቶ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ1942 ከባለቤቱ ከፍሎረንስና ኢንግላንድ ከሚባሉ ባልና ሚስት ጋር ሆኖ በአሜሪከስ ከተማ አጠገብ 440 ኤከር የተጎዳ መሬት ገዝቶ እርሻ አቋቋመ፤ ስሙንም «ኮይኖንያ» አለው። ኮይኖንያ በጽርእ እኛ በግዕዝ ሱታፌ ከምንለው ጋር የተዛመደ ቃል ነው። በዚያ እርሻ ጥቍሩና ነጩ በአንድ ማዕድ ይበላ ነበር፤ ለሥራቸውም እኩል ዋጋ ይቀበሉ ነበር። ይህ በዚያን ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ከባድ ድፍረት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ የአካባቢው ነጋዴዎች ዘር አንሸጥላችሁም፥ እህላችሁንም አንገዛም አሉ፤ በመንገድ ዳር የነበረውን መሸጫቸውን በፈንጂ አፈረሱት፤ በሌሊትም በጥይት ደበደቡአቸው። እነርሱም ፒካን የሚባለውን የለውዝ ዐይነት በፖስታ ወደ ሩቅ ከተሞች እየላኩ በመሸጥ ነፍሳቸውን አቈዩ። ሰውየው የባፕቲስት ሃይማኖት ተከታይ ስለ ነበረ ሃይማኖቱ ከእኛ ይለያል፤ እኛ እዚህ የምንማረው ስለ ቤት ነውና በዚህ ነገር አንዘገይም።

በሌላ ወገን ሚላርድ ፉለር የተባለ ጠበቃ ነበረ። ከጓደኛው ጋር በጀመረው ንግድ ገና በ29 ዓመቱ ሚሊዮን ዶላር ያለው ባለጸጋ ሆነ። ነገር ግን ሀብቱን ሲሰበስብ ቤቱን ረሳው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ሚስቱ ሊንዳ ጥላው ሄደች። እርሱም ተከትሎ ሄዶ ለመናት፤ ሁለቱም ተመካክረው የነበራቸውን ሸጠው ለድኾች ሰጡ፥ ከባዶም ጀመሩ። ትልቅ ቤት የነበረው ሰው ትዳሩ ሊፈርስ ከደረሰ በኋላ የድኾች ቤት ሠሪ መሆኑ ሳያስደንቅ አይቀርም። በዚያው ዓመት ወደ ኮይኖንያ መጣና ከጆርዳን ጋር ተዋወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ተመልሶ በዚያ ሲቀመጥ ሁለቱ አብረው አንድ ነገር አሰቡ።

በእርሻው ዙሪያ የነበሩት ጥቍሮች አብዛኞቹ በሰው መሬት በእኩል የሚያርሱ ነበሩ። የሚኖሩባቸው ቤቶች ሳንቃቸው የተለያየ፥ ውኃ የሌላቸው፥ በክረምት ነፋስ የሚያስገቡ ጐጆዎች ነበሩ። ባንክ አያበድራቸውም፤ ምጽዋት ሰጪም ቤት አይሰጣቸውም። ጆርዳንና ፉለር ከእርሻው መሬት ለ42 ቤቶች የሚሆን ቦታ ለኩ፤ «የሰብአዊነት ገንዘብ» ብለው አንድ ግምጃ ቤት አቆሙ። ከልዩ ልዩ ሰዎች ያለ ትርፍ የተሰጠው ገንዘብ ወደዚያ ይገባል፤ በእርሱ ቤት ይሠራል፤ ቤቱ ለድኻው ቤተ ሰብ ያለ ትርፍ ይሸጣል፤ ቤተ ሰቡም በ20 ዓመት ውስጥ ያለ ወለድ ቀስ እያለ ይከፍላል፤ የተከፈለውም ገንዘብ ወደዚያው ግምጃ ቤት ተመልሶ ሌላ ቤት ይሠራበታል። ጆርዳን የመጀመሪያውን ቤት ፍጻሜ አላየም። ቤቱ በመሠራት ላይ ሳለ እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1969 በድንገት ሞተ፤ ስሙ ያልተጻፈበት መቃብር ውስጥ በተራ የእንጨት ሣጥን በዚያው እርሻ ተቀበረ። ፉለር ግን ሥራውን ቀጠለ፤ ከ1973 እስከ 1976 በዛየር አገር በምባንዳካ ከተማ ይህንኑ ሥርዐት ፈትኖ ተመለሰና እ.ኤ.አ. በ1976 «ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ» የሚባለውን ማኅበር አቋቋመ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር አገራቸው ፕሌንስ ከአሜሪከስ ቅርብ ነውና እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ መዶሻ ይዘው አብረው መሥራታቸው ማኅበሩን በዓለም አሳወቀው።

የሥርዐቱን አሠራር ጠለቅ ብሎ መመልከት ይገባል፤ ምክንያቱም መልካም ሐሳብ ብቻውን ጣራ አይከድንም። ቤተ ሰቡ የሚመረጠው በሦስት ነገር ነው። ቤት በእውነት የሚያስፈልገው መሆኑ፥ ጥቂት በጥቂት ለመክፈል የሚችል መሆኑ፥ በገዛ እጁ ለመሥራት ፈቃደኛ መሆኑ ይታያል። ይህ ሦስተኛው ትልቅ ነገር ነው። የሚገባበትን ቤት ራሱ ብሎኬት እያቀበለ፥ አሸዋ እየነፋ፥ ምስማር እየመታ ብዙ መቶ ሰዓት ይሠራል፤ የጎረቤቱንም ቤት ያግዛል። ስለዚህ ቤቱ ሲያልቅ ማንም «እኔ ሰጠሁህ» ሊለው አይችልም። ገንዘቡን ያበደረው ሌላ ነው፤ ላቡን ያፈሰሰው ግን እርሱ ነው፤ ዕዳውንም የሚከፍለው እርሱ ነው።

ስለ ወለድ የኦሪት ሕግ በዘፀአት ምዕራፍ 22 እና በዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ለድኻ ወንድም ያበደረ ሰው አራጣ እንዳይጭንበት ማዘዙን ካህናት ሁሉ እናውቃለን፤ እናስተምራለንም። ነገር ግን ወለድ በቤት ላይ ምን እንደሚሠራ በቍጥር አስልተን ያየነው ጥቂቶች ነን። እስቲ አንድ ቤት 100,000 ብር ያወጣል እንበል። ይህ ለምሳሌ ያህል ነው እንጂ በዛሬው ገበያ በዚህ ዋጋ ቤት እንደማይገኝ እናውቃለን። ይህን ገንዘብ በ20 ዓመት የሚከፈል አድርጎ በዓመት 10 በመቶ ወለድ የተበደረ ሰው በየወሩ 965 ብር ያህል ይከፍላል። 240 ወር ከፍሎ ሲጨርስ ያወጣው ገንዘብ 231,600 ብር ገደማ ይሆናል። ያለ ወለድ የተበደረው ግን በየወሩ 417 ብር ከፍሎ ይጨርሳል። እንግዲህ የመጀመሪያው ሰው ከሁለት ቤት በላይ ከፍሎ በአንዱ ይኖራል ማለት ነው። በየወሩ ያለው የ548 ብር ልዩነት ለነጋዴ ኢምንት ነው፤ ለዘበኛ ወይም ለልብስ አጣቢ ግን የልጆች ቀለብ ነው።

በሌላው በኩል ደግሞ እንየው። ያለ ወለድ የሚከፍል አንድ ቤተ ሰብ በዓመት 5,000 ብር ይመልሳል። ሃያ ቤተ ሰብ ሲሆኑ 100,000 ብር ይሆናል፤ ይኸውም በየዓመቱ የአንድ አዲስ ቤት ዋጋ ነው። ትናንት የተረዳው ዛሬ ረጂ ሆነ። በምጽዋት ሥርዐት የማይገኝ ነገር ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሊቅ «የገንዘብ ዋጋ በየዓመቱ ሲወድቅ፥ ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚመለሰው 417 ብር ምን ይሠራል? ግምጃ ቤቱስ አይደርቅምን?» ብለው ቢጠይቁን ጥያቄው እውነተኛ ነው እንላለን። የሲሚንቶና የቆርቆሮ ዋጋ በአገራችን እንዴት እንደ ወጣ ሁሉም ያውቃል። ከመፍትሔዎቹ አንዱ ዕዳውን በብር ሳይሆን በሲሚንቶ መለካት ነው። መቶ ኩንታል ሲሚንቶ የሚያወጣ ገንዘብ የተበደረ ሰው፥ በሚከፍልበት ወር ባለው ዋጋ የሲሚንቶን ተመን ይከፍላል። ይህ አራጣ ይሆናልን? እኛ አይሆንም እንላለን። አንድ ኩንታል ጤፍ ያበደረ ሰው በመከር አንድ ኩንታል ጤፍ ቢቀበል፥ የጤፍ ዋጋ በመካከሉ እጥፍ ቢሆን እንኳ፥ አራጣ በላ አይባልም፤ የሰጠውን ተቀበለ እንጂ። ሆኖም የተበዳሪው ደመወዝ ከሲሚንቶው ጋር እኩል ካላደገ ሸክሙ ስለሚከብድበት፥ ይህ ልክ በየዓመቱ ከተበዳሪዎቹ ጋር ተቀምጦ ሊወሰን ይገባዋል።

ደግሞም መክፈል ያቃተው ሰው ይኖራል። ታሞ፥ ከሥራ ወጥቶ፥ ወይም አንዳንዴ እንዲሁ ቸል ብሎ። ማኅበሩ ወዲያው ቢያስወጣው ከአከራይ ምን ተለየ? ሁሉን ቢምረው ደግሞ ተራውን የሚጠብቀው ቤተ ሰብ ቤት ያጣል። ዕዳው ለባለጸጋ የሚከፈል ቢሆን ምሕረት ቀላል ነበረ፤ ይህ ዕዳ ግን ለሚቀጥለው ድኻ የሚከፈል ነው። የሃቢታት ማኅበርም ታግሦና ጊዜ ጨምሮ በመጨረሻ ቤቱን ለመውሰድ የተገደደበት ጊዜ መኖሩ አይካድም። ይህ ሥራ የዋህነት ብቻ አይበቃውም፤ የሂሳብ መዝገብ የሚይዝ ጠንቃቃ ሰውም ይፈልጋል።

ከቤቱ በታች ያለው መሬት ራሱን የቻለ ነገር ነው። ከኮይኖንያ ብዙ ሳይርቅ በሊ አውራጃ፥ ቻርልስ ሼሮድና ስሌተር ኪንግ ከሌሎች ጥቍሮች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1969 «ኒው ኮሚዩኒቲስ» የሚባል ማኅበር አቋቁመው ከ5,700 ኤከር የማያንስ መሬት ገዙ። ሐሳባቸው መሬቱ የማኅበሩ ሆኖ እንዳይሸጥ፥ ቤቱና ሰብሉ ግን የሠሪው እንዲሆን ነበር። ለመምረጥ ስለ ተመዘገቡ ከእርሻቸው የተባረሩ ሰዎችን ስላዩ፥ ማንም የማያስወጣቸው መሬት ፈለጉ። ሆኖም ድርቅ መጣ፤ የብድር ጥያቄያቸውም በዘር አድልዎ ዘገየ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 መሬቱ በዕዳ ተወሰደ። ከብዙ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 በደል እንደ ተፈጸመባቸው ታውቆ 12 ሚሊዮን ዶላር ያህል ካሣ ተወሰነላቸው። መሬታቸው ቢጠፋም ሐሳባቸው ግን አልጠፋም፤ ዛሬ በአሜሪካ ብዙ ከተሞች መሬቱን ማኅበር ይዞ፥ ለቤቱ ባለቤት ብዙ ጊዜ ለ99 ዓመት በኪራይ ይሰጠዋል። ባለቤቱ ቤቱን መሸጥ ሲፈልግ ተመጣጣኝ በሆነ ዋጋ እርሱን ለመሰለ ድኻ ይሸጣል እንጂ በገበያው ዋጋ ለከበርቴ አይሸጥም። በዚህ ዐይነት አንድ ጊዜ የተሰጠ ርዳታ ለልጅ ልጅ ይቈያል። መሬት ለዘለዓለም አይሸጥም የሚለው የዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ትእዛዝ ጥላው በዚህ ይታያል።

ለእኛ ይህ አሳብ እንግዳ አይደለም። በአገራችን ከሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 47 ወዲህ የከተማ መሬት የመንግሥት ሆነ፤ በአንድ ሰው እጅ የነበሩ ትርፍ ቤቶችም ተወረሱ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት በቀበሌ እጅ ገቡ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅም ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ወሰነ። እንግዲህ መሬትን ከቤት ለይቶ ማሰብ ለምደናል። የጐደለን በመሬቱ ላይ ለድኻው ቤት የሚያቆመውና ያቆመውን የሚጠግነው እጅ ነው። በቀበሌ ቤት የሚኖረው ድኻ ኪራዩ እጅግ አነስተኛ ሆኖ ተጠቀመ፤ በዚያው ኪራይ ቤቱን የሚያድስ ግን አልተገኘም፤ ጭቃው ይረግፋል፥ ማገሩ ይነቅዛል፥ ቆርቆሮው ይበሳል። በ1990ዎቹ መጨረሻ መንግሥት የጀመረው የኮንዶሚኒየም ቤት ሥራ ብዙዎችን ባለቤት አደረገ፤ ነገር ግን ቅድሚያ ክፍያውን ለመቈጠብ የማይችል ሰው ዕጣው ቢወጣለት እንኳ መግባት አልቻለም።

ታዲያ ደቦስ? ወንፈልስ? እድርስ? የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፥ አገራችን ቤትን በኅብረት መሥራት ከማንም አልተማረችም። በገጠር ጐጆ ሲቀለስ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠርቶ አንዱ ይቈፍራል፥ አንዱ ማገር ያስራል፥ ሴቶቹ ውኃ ያመላልሳሉ፥ ጎረምሶቹ ጭቃውን በጭድ ያቦካሉ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ነገር ግን ይህን ባህል ጠጋ ብሎ ላየው ሰው አንድ ክፍት ቦታ አለበት። ደቦ የሚጠራ ሰው ጠላ ይጠምቃል፥ እንጀራ ያስጋግራል፤ ወንፈልም ብድሩ በጉልበት ይመለሳል። ጠላ የምትጠምቅበት ጌሾ የሌላት፥ የምትመልሰውም ጉልበት የሌላት አሮጊት መበለት ማንን ትጥራ? ከሁሉ ይልቅ ደቦ የሚያስፈልጋት እርስዋ ስትሆን ደቦ መጥራት የማትችለውም እርስዋ ናት። ትርፍ የማይሻ ማኅበር ቦታው በዚህ ክፍተት ላይ ነው። ሃቢታት እ.ኤ.አ. በ1993 በአገራችን ሥራ ሲጀምር ሕዝቡ አሠራሩን ሳይቸገር የተረዳው፥ ደቦን የሚያውቅ ሕዝብ ስለ ሆነ ይመስለናል።

ከዚህ በኋላ የምንናገረው ለካህናት ወንድሞቻችን ነው።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ላይ ብዙ ጊዜ ፈጥነን የምናልፈው ሕግ አለ፤ እርሱም የቤት ለምጽ ነው። በቤቱ ግድግዳ ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ ሆኖ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ምልክት ሲታይ ባለቤቱ ወደ ካህኑ ይሄዳል። ካህኑም ዕቃው ከቤቱ እንዲወጣ ያዝዛል፤ ገብቶ ግድግዳውን ይመለከታል፤ ሰባት ቀን ቤቱን ይዘጋል፤ ተመልሶም ያያል። ደዌው ቢሰፋ የታመመው ድንጋይ እንዲወጣ፥ ሌላ ድንጋይ እንዲገባ፥ ቤቱም እንደ ገና እንዲመረግ ያዝዛል፤ ይህ ሁሉ ተደርጎ ቢመለስ ቤቱ ይፈርሳል። ይህን በትርጓሜ ስንማር ቤት የተባለውን አንድም ሰውነት፥ አንድም ማኅበር እያልን እናወጣለን፤ ይህ ተገቢ ነው። ሆኖም አንድም ቤት ራሱ ቤት ነው። እርጥበት የበላው ግድግዳ የሰውን ሳንባ እንደሚበላ ሐኪሞች ይናገራሉ፤ ሕጉም ካህኑን ዐይኑን ወደ ግድግዳው እንዲያነሣ አዝዞታል። እንደዚሁም በዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያቆም ታዘዘ፤ ባያቆምና ሰው ቢወድቅ የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ ነው።

ይህን የምንጽፈው ስላወቅነው ሳይሆን ስላልፈጸምነው ነው። የነፍስ ልጃችን የነበሩ አንዲት እማሆይ በአንድ የኪራይ ክፍል ይኖሩ ነበር። በየወሩ ጠበል ልንረጭ ስንገባ በኋለኛው ግድግዳ ላይ ጥቍር እርጥበት ነበረ፤ ከዓመት ዓመትም ከፍ ይል ነበር። እርሳቸው አንድ ጊዜ «አባ፥ ይህ ግድግዳ ከእኔ ቀድሞ የሚሞት ይመስለኛል» ብለው ሲሥቁ እኛም አብረን ሥቀን ወጣን። ለማደስ ፈቃድ ጠይቀው መልስ ሳያገኙ ቀርተው ነበር፤ ደብዳቤውን ይዘን አብረን ልንሄድላቸው ይገባን ነበር፥ አልሄድንም። በነሐሴ አንድ ሌሊት ዝናብ ሲጥል ግድግዳው በተኙበት ወደቀባቸው፤ በሦስተኛው ቀን ዐረፉ። እድሩ በሚገባ ቀበራቸው። ድንኳን ተተከለ፥ ንፍሮ ተቀቀለ፥ ሣጥን ተገዛ፥ ለቀስተኛው ሦስት ቀን ተቀመጠ። በኋላ ከእድሩ ጸሓፊ ጋር ተቀምጠን ወጪውን ስናሰላው ለቀብሩ የወጣው ገንዘብ ያንን ግድግዳ ሁለት ጊዜ ያሠራ ነበር። ጸሓፊው መዝገቡን አጥፎ «ደንቡ ለሞተ ነው እንጂ ላልሞተ አይልም» አለን። እውነቱን ነው የተናገረው፤ ደንቡን ስናጸድቅ እኛም ነበርን።

ከዚያ ወዲህ በአጥቢያችን የተደረገው ትንሽ ነገር ነው፤ ለሌላው አጥቢያ ቢጠቅም ብለን እንጽፈዋለን። የእድሩ አባላት ተሰብስበው፥ ከወርኃዊ መዋጮው ጥቂቱ በሕይወት ላሉት ቤት ማደሻ እንዲውል ደንቡን አሻሻሉ። ስብሰባው ሁለት ጊዜ በጠብ ተበተነ፤ «የቀብር ገንዘባችን ሊያልቅ ነው» ያሉ ሽማግሌዎች ነበሩና፥ ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። በመጨረሻ የተስማሙት ገንዘቡ ለሁለት መዝገብ እንዲከፈልና አንዱ ወደ ሌላው እንዳይሻገር ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በሚያዝያ ወር፥ ክረምት ሳይገባ፥ ከነፍስ አባቶች ጋር እየዞሩ ጣራውን፥ ግድግዳውን፥ የውኃ መውረጃውን፥ የተላጠውን የመብራት ሽቦ፥ መጸዳጃውን እያዩ ይጽፋሉ። መክፈል የሚችለው ቤተ ሰብ የቆርቆሮውን ዋጋ ያለ ወለድ በሁለት ዓመት ይመልሳል፤ መክፈል የማይችለው በጉልበቱ፥ ጉልበትም የሌለው በልጁ ወይም በጎረቤቱ እጅ ይረዳል። ለሠሪዎቹ እንጀራውን የሚያቀርበው የሴቶች ማኅበር ነው፤ ስለዚህ አሁን አሮጊቷም ደቦ ትጠራለች። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ግን ጭቃው ከመቦካቱ በፊት ተከራዩ ቢታደስም ከቤቱ እንደማይነሣ የሚገልጽ ወረቀት በእጁ ይያዝ፤ አለዚያ ያደስነው ቤት ለሌላ ሰው ይሆናል። ይህን ሳናስብ ቀርተን በመጀመሪያው ቤት ብዙ ተቸግረናል።

ባለፈው ክረምት አራት ቤት ተከደነ። አምስተኛው ከእማሆይ ክፍል ጀርባ ያለው ነው፤ የማደሻው ፈቃድ አልመጣም። በዚህ ሳምንት ማክሰኞ ከእድሩ ጸሓፊ ጋር ሆነን ደብዳቤውን ለመከታተል እንሄዳለን።